ፍላሽ ላይ የሚኖር ሊኑክስ፦ የቅዳሜ ጥያቄና መልስ በሐዋሳ

ባለፈው ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ አረብ ሰፈር ያለችው የጥገና ሱቄ በር ላይ ወንበር ደርድረን ተቀመጥን። ነገሩን የጀመረው አንድ ተማሪ ነው። ላፕቶፑ ዊንዶውስ አልነሳ ብሎት ይዞልኝ መጣ። ፍላሽ ሰክቼ በሊኑክስ አስነሳሁለትና ፋይሎቹን አወጣሁለት። "ይሄን ነገር ለጓደኞቼም አሳይልኝ" አለኝ። አራት አምስት ልጅ ይመጣል ብዬ ነበር፣ ሃያ ሰው መጣ። ቡና ተፈላ፣ መሀል ላይ መብራት ሄደ፣ ተመልሶ መጣ፣ ጥያቄው ግን አላልቅ አለ።

ጥያቄዎቹን የእህቴ ልጅ በደብተር ስትጽፍ ነበር። ከዚያ ላይ ነው የምገለብጠው። ቸኩዬ ያለፍኩትን እዚህ ጨምሬበታለሁ።

ለአዲስ ሰው አንድ ነገር ብቻ ልበል። ሊኑክስ እንደ ዊንዶውስ ኮምፒውተርን የሚያንቀሳቅስ ሥርዓት ነው። ሊነስ ቶርቫልድስ የሚባል የፊንላንድ ተማሪ በ1991 እ.ኤ.አ. ጀመረው። ክፍያ የለውም። ኡቡንቱ፣ ሚንት፣ ደቢያን፣ ፓፒ የምትሏቸው ሁሉ በእሱ ላይ የተሠሩ ናቸው። የኮምፒውተሩን ሀርድ ዲስክ ሳይነኩ ከፍላሽ መነሳት ይችላሉ። የዛሬው ወሬም ይሄው ነው።

ጥያቄ (ከዋናው ግቢ ተማሪ)፦ ጋሼ፣ ፍላሽ ላይ ሊኑክስ መጫን ማለት ምን ማለት ነው? ቪዲዮ ላይ አንዱ በአምስት ደቂቃ ጨረሰ፣ ሌላው አንድ ሰዓት ፈጀበት።

ሁለቱም ልክ ናቸው። የሠሩት ግን አንድ ነገር አይደለም። ሰውን ሁሉ የሚያምታታው ይሄ ስለሆነ ትንሽ ልቆይበት።

የመጀመሪያው ላይቭ የሚባለው ነው። ያወረድከውን አይኤስኦ ፋይል፣ ሥርዓቱ በሙሉ የታሸገበትን፣ እንዳለ ፍላሹ ላይ ትጽፈዋለህ። ኮምፒውተሩ ከዚያ ይነሳል፣ አንተ የምትሠራው ግን ራም (ኮምፒውተሩ ሲጠፋ ባዶ የሚሆነው ጊዜያዊ ማስታወሻ) ላይ ነው የሚቀመጠው። ስታጠፋው ሁሉም ይጠፋል። የዋይፋይ ፓስወርዱን እንኳን አያስታውስም። ሰው ቤት እንግዳ ሆኖ እንደማደር ነው፤ ሲነጋ አልጋው ይነጠፋል፣ እንዳልነበርክ ትሆናለህ።

ሁለተኛው ላይቭ ከፐርሲስተንስ ጋር ነው። ያው ላይቭ ነው፣ ግን ፍላሹ ላይ አንድ ክፍል ለአንተ ይለቀቅልሃል። የጫንከው ፕሮግራም፣ የጻፍከው ፋይል፣ የቀየርከው ነገር እዚያ ይቀመጣል። ኪራይ ቤት በለው። ዕቃህን ታስገባለህ፣ ግድግዳውን ግን አታፈርስም።

ሦስተኛው ሙሉ ጭነት ነው። ሀርድ ዲስክ ላይ እንደሚጫነው ሁሉ ፍላሹ ላይ ይጫናል። የራስህ ቤት ነው። ጣጣውም የራስህ ነው።

በአምስት ደቂቃ የጨረሰው ልጅ የመጀመሪያውን ነው የሠራው። እኔ ሰው ሲያማክረኝ አንድ ነገር ነው የምጠይቀው፦ የምትሠራው ነገር የት ላይ እንዲጻፍ ነው የምትፈልገው? ራም ላይ፣ የፍላሹ አንድ ጥግ ላይ ወይስ ፍላሹ ሙሉ ላይ? "የት ላይ ነው የሚጽፈው?" የምትለዋን ጥያቄ ያዟት። ዛሬ ደጋግሜ እመለስባታለሁ።

ጥያቄ (አቶቴ ሱቅ ያለው ወጣት)፦ 128 ጊጋ ፍላሽ በጣም በርካሽ አግኝቻለሁ። ይበቃል አይደል?

ከበቂ በላይ ነው፣ እውነተኛ ከሆነ። ርካሽ ስትለኝ ነው ሆዴን የቆረጠኝ። ገበያ ላይ 128 ጊጋ ነኝ እያለ ውስጡ 8 ጊጋ ብቻ ያለው ፍላሽ ሞልቷል። ዊንዶውስ ላይ ስትሰካው 128 ብሎ ያሳይሃል። መጀመሪያ የገለበጥካቸው ፋይሎች ይከፈታሉ። ከ8 ጊጋ ያለፈው ግን ወይ የለም ወይ የተበላሸ ነው። ሊኑክስ ስትጭንበት ግማሽ ላይ ችክ ይላል፣ አንተ ሊኑክስን ትረግማለህ።

ኤችቱቴስትደብልዩ የሚባል ትንሽ ነጻ ፕሮግራም አለ፣ ለዊንዶውስ። ሊኑክስ ላይ ኤፍ3 የሚባል አለ። ፍላሹን እስከ ጫፉ ሞልተው መልሰው ያነቡታል። ትልቅ ፍላሽ ላይ ሰዓታት ይፈጃል። ማታ ለኩሰኸው ተኛ።

ለላይቭ ብቻ 8 ወይም 16 ይበቃል። ለፐርሲስተንስ 32፣ ለሙሉ ጭነት 64 ብትይዝ ደስ ይለኛል። ከመጠኑ ይልቅ ግን ፍጥነቱን እይ። ዩኤስቢ 3 የሆነ ፍላሽ ግዛ፣ ላፕቶፑም ላይ ሰማያዊው ቀዳዳ ካለ እሱ ላይ ሰካው። ርካሽ ዩኤስቢ 2 ፍላሾች በሰከንድ 10 ሜጋ እንኳን አይጽፉም። ብሮውዘር ከፍተህ ቡናህን ጠጥተህ ትመለሳለህ፣ አሁንም እየከፈተ ነው።

ጥያቄ (የመንግሥት መሥሪያ ቤት ሠራተኛ የሆነች እናት)፦ እኔ ኮምፒውተር ብዙም አልችልም። ከመጀመሪያው ቀስ ብለህ ንገረኝ።

እሺ እትዬ። መጀመሪያ ፍላሹ ላይ ያለውን ሁሉ ሌላ ቦታ ይገልብጡ፣ ይጠፋልና። ቀጥሎ አይኤስኦውን ያውርዱ። ለጀማሪ የምመክረው ሊኑክስ ሚንትን ነው፤ መልኩ ዊንዶውስ ለለመደ ሰው አይከብድም፣ ፋይሉም 3 ጊጋ አካባቢ ነው። አዲሱ ኡቡንቱ ወደ 6 ጊጋ ይጠጋል። በፓኬጅ ለሚያወርድ ሰው ልዩነቱ ቀላል አይደለም። የሌሊት ፓኬጅ ይግዙና ሲተኙ ያውርዱት።

ማውረጃውን ከራሱ ከሚንት ድረ ገጽ ብቻ ይክፈቱ። ከወረደ በኋላ ቼክሰሙን ማመሳከር ጥሩ ነው። ቼክሰም ማለት የፋይሉ አሻራ ነው፤ ድረ ገጹ ላይ ካለው ረጅም ቁጥር ጋር አንድ ከሆነ ፋይሉ አልተበላሸም፣ ሌላም ሰው አልነካካውም። ይሄ የከንቱ ጥንቃቄ እንዳይመስልዎት። በየካቲት 2008 ዓ.ም. የሚንት ድረ ገጽ ራሱ ተሰብሮ ማውረጃው ወደ ተበከለ ፋይል ተጠቁሞ ነበር።

ከዚያ ሩፈስ የሚባለውን ፕሮግራም ይክፈቱ። ሁለት ሜጋ አካባቢ ብቻ ነው፣ መጫንም አይፈልግም። ከላይ ፍላሽዎን ይምረጡ፣ ከሥር አይኤስኦውን ይምረጡ። ፐርሲስተንስ የሚል መስመር ሲመጣ ጣትዎን አስኪደው ስንት ጊጋ እንደሚፈልጉ ይወስኑ። ዜሮ ላይ ከተዉት የመጀመሪያው ዓይነት ላይቭ ነው የሚሆነው። ብዙ ሰው እዚህች ላይ ነው የሚስተው። "ፋይሌ ጠፋ" ብሎ የሚመጣው ሁሉ ይቺን መስመር አላያትም።

ጀምር የሚለውን ከመንካትዎ በፊት ግን አንድ ጊዜ ቆም ይበሉ። ከላይ የተመረጠው በእርግጥ ፍላሹ ነው? ሩፈስ ወትሮ ኤክስተርናል ሀርድ ዲስክ አያሳይም፣ ሰውን ከስህተት ለመጠበቅ። እኔ ጅሉ አንድ ቀን "እነሱንም አሳየኝ" የሚለውን ምርጫ ከፈትኩና የወንድሜን ሠርግ ቪዲዮ የያዘውን ዲስክ ጠራርጌ ሚንት ጻፍኩበት። ግማሹን በብዙ ልፋት መለስኩ። ግማሹ ሄደ። ወንድሜ አሁንም በበዓል ቀን ያነሳብኛል።

ጥያቄ፦ ቬንቶይ ይሻላል ይላሉ። እውነት ነው?

ለእኔ ሥራ አዎ። ቬንቶይን ፍላሹ ላይ አንድ ጊዜ ትጭነዋለህ። ከዚያ በኋላ አይኤስኦዎችን እንደ ማንኛውም ፋይል ትገለብጣለህ፣ ስታስነሳው ዝርዝር ያወጣልሃል። ኪሴ ውስጥ ባለችው አንዲት 64 ጊጋ ፍላሽ ሚንት፣ ፓፒ፣ የዊንዶውስ መጫኛና የዲስክ ማዳኛ አሉ። በዚያ ላይ የቀረው ቦታ ለተራ ፋይል ያገለግላል። ፐርሲስተንስም ይችላል፣ ግን በእጅ የሚሠራ ተጨማሪ ፋይል ይፈልጋል። ለአንድ ሥርዓት ብቻ ከሆነ በሩፈስ ይገላገሉ።

ጥያቄ (ከታቦር ሰፈር)፦ ሰክቼው አበራሁት፣ ዝም ብሎ ዊንዶውስ ነው የሚገባው።

ከፍላሽ እንዲነሳ መንገር አለብህ። እንደበራ ወዲያው፣ አርማው ሳይጠፋ፣ አንዷን ቁልፍ ደጋግመህ ትነካለህ። ኤችፒ ከሆነ ኤፍ 9፤ አንዳንዱ መጀመሪያ ኤስኬፕ ይፈልጋል። ዴል፣ ሌኖቮና ቶሺባ ላይ ኤፍ 12 ነው። አሱስ ላፕቶፕ ኤስኬፕ። ኤሰርም ኤፍ 12 ነው፣ ግን ብዙ ጊዜ ተዘግቶ ነው የሚመጣው፤ በኤፍ 2 ባዮስ (የኮምፒውተሩ መነሻ ቅንብር) ገብተህ ትከፍተዋለህ። አንዳንድ ሌኖቮዎች ጎናቸው ላይ ትንሽ ቀዳዳ አላቸው፣ በመርፌ ወይም በጉትቻ ጫፍ ሲነኩ ምናሌው ይመጣል።

ሴኪውር ቡት የሚባለውን፣ ፊርማ የሌለው ሥርዓት እንዳይነሳ የሚከለክለውን፣ ዝጉ የሚል ምክር ሁሉ ቦታ ታገኛላችሁ። ለኡቡንቱ፣ ለሚንትና ለደቢያን መዝጋት አያስፈልግም፣ ፊርማ አላቸው። ለፓፒ ይሆናል። ከመዝጋታችሁ በፊት ግን ዊንዶውሱ በቢትሎከር (በራሱ በዊንዶውስ የዲስክ ማመስጠሪያ) መቆለፉን እዩ። አዳዲስ ላፕቶፖች ባለቤቱ ሳያውቀው ተቆልፈው ነው የሚመጡት። ሴኪውር ቡትን ስትነኩት ዊንዶውስ በሚቀጥለው ጊዜ ባለ 48 አሃዝ ቁልፍ ይጠይቃል። ቁልፉ የት እንዳለ ሳታውቁ አትንኩት።

ጥያቄ (ሁለተኛ ዓመት ተማሪ)፦ ፐርሲስተንስ አድርጌ አንድ ወር አሪፍ ሠራልኝ። ከዚያ አፕዴት አድርግ አለኝ፣ አደረግኩ። ቦታ የለም ብሎ ተዘጋ።

ጥፋቱ የአፕዴቱ ነው፣ እንዲያውም የእኛ የሊኑክስ ሰዎች። "ሁሌ አፕዴት አድርጉ" እያልን እናሰለጥናችኋለን።

ነገሩ እንዲህ ነው። ላይቭ ላይ ዋናው ሥርዓት ታምቆ የተዘጋ አንድ ትልቅ ፋይል ነው። አይቀየርም፣ ይነበባል ብቻ። አንድ ፕሮግራም ስታድስ አሮጌው እዚያው ይቀመጣል፣ አዲሱ ደግሞ የአንተ ክፍል ላይ ይጻፋል። ሁለት ጊዜ ቦታ ያዘ ማለት ነው። መቶ ፕሮግራም ስታድስ ክፍልህ ይሞላል። ከርነሉን፣ የሥርዓቱን እምብርት፣ ስታድስ ደግሞ ይባስ፤ ቦታውን ይበላል፣ ኮምፒውተሩ ሲነሳ ግን አይኤስኦው ውስጥ ያለውን አሮጌውን ከርነል ነው የሚጠቀመው። ለከንቱ።

ስለዚህ ፐርሲስተንስ ላይ ጠቅላላ አፕዴት አታድርግ። ብሮውዘሩን ብቻ አድስ። አዲስ እትም ሲወጣ ፋይሎችህን አውጣና ፍላሹን ከመጀመሪያው ጻፈው። ይሄ ካልጣመህ ኤምኤክስ ሊኑክስን ሞክር። በራሱ መሣሪያ ያደስከውን ሁሉ ወደ ዋናው ፋይል መልሶ ያምቅልሃል። በፍላሽ ለመኖር ከታሰቡት ውስጥ እንደ እኔ እንደ እኔ እሱን የሚያህል የለም፤ ምን ያደርጋል፣ ስሙን የሚያነሳው ሰው ጥቂት ነው።

ጥያቄ (ሶፍትዌር የሚማር)፦ እኔ ሙሉ ጭነት ነው የምፈልገው። ምን ልጠንቀቅ?

እሱን ስጠብቅ ነበር።

ባለፈው ዓመት ለአንድ ደንበኛ ሚንትን ፍላሽ ላይ ሙሉ ጫንኩለት። ላፕቶፑ የራሱ ነው፣ ውስጡ ዊንዶውስ አለ። አምሮ ሠራ። ከፍሎኝ ሄደ። በነጋታው ከሻሸመኔ ደወለ። ፍላሹን ቤት ረስቶታል፣ ላፕቶፑ ደግሞ ጥቁር ስክሪን ላይ ግረብ የሚል አንድ ቃል ጽፎ ፈዟል። ዊንዶውስ የለም። ስብሰባ ሊገባ ነው። በስልክ የሰማሁትን ስድብ አልደግመውም።

ምን ሆነ? ሚንቱ ፍላሹ ላይ ነው የተጻፈው። አስነሺው፣ ግረብ የሚባለው፣ ግን የተጻፈው የላፕቶፑ ውስጥ ዲስክ ላይ ነበር። ጫኙ እኔን ሳይሰማ ያገኘው የመጀመሪያ ዲስክ ላይ አስቀመጠው። እኔ አስነሺው ፍላሹ ላይ ይሁን ብዬ መርጬ ነበር፤ በዩኢኤፍአይ (ባዮስን በተካው አዲሱ አነሳስ) በሚነሳ ኮምፒውተር ላይ የሚንት ጫኝ ያን ምርጫ አይሰማም። የታወቀ አሮጌ ችግር ነው። እኔም አውቀው ነበር፣ ቸኮልኩ እንጂ።

ዊንዶውሱ አልጠፋም ነበር። ኤፍ 9 ነክቶ ዊንዶውስ ቡት ማናጀር የሚለውን እንዲመርጥ ነገርኩት፣ ተነሳለት። በኋላ ባዮስ ውስጥ ተራውን አስተካከልኩ። ግን ላቤ ጠብ ብሏል።

ከዚያ ወዲህ አንድ መንገድ ብቻ ነው የምከተለው። ውስጡን ዲስክ እነቅለዋለሁ። ዴስክቶፕ ከሆነ የሳታ ገመዱን መንቀል ነው። ላፕቶፕ ከሆነ ጀርባውን መፍታት ነው። አንዳንዱ ባዮስ ዲስኩን ለጊዜው መዝጋት ይፈቅዳል። መፍታት የፈራ ሰው ቨርቹዋልቦክስ (ኮምፒውተር ውስጥ ኮምፒውተር የሚፈጥር ፕሮግራም) ውስጥ ምንም ዲስክ የሌለው ማሽን ይፍጠር፣ ፍላሹን ብቻ ያሳየውና እዚያ ይጫን። ጫኙ ሌላ ዲስክ ካላየ ሌላ ቦታ ሊጽፍ አይችልም።

ሁለት ፍላሽ ያስፈልግሃል። አንዱ የሚጭነው፣ ሌላው የሚጫንበት። የሚጫንበት ላይ መጀመሪያ 500 ሜጋ የምትሆን ፋት32 ክፍል ለአስነሺው፣ የቀረውን ኤክስት4 (ሁለቱም የፎርማት ዓይነቶች ናቸው)። ስዋፕን፣ ራም ሲሞላ የሚጻፍበትን ቦታ፣ ተወው፣ ፍላሹን ይበላዋል። የኤንቪዲያን ድራይቨርም (የስክሪን ካርዱን ማንቀሳቀሻ ፕሮግራም) አትጫን፤ በአንድ ማሽን ላይ ያምራል፣ ሌላ ማሽን ላይ ስትሰካው ስክሪኑ ጥቁር ሊሆንብህ ይችላል። ከማሽን ማሽን የሚዞር ፍላሽ ሁሉም ቦታ በሚሠራው ተራ ድራይቨር ነው የሚኖረው።

ጥያቄ (ሒሳብ ሠራተኛ)፦ ፒችትሪ ይሠራል?

አይሠራም። ዋይን በሚባለው፣ የዊንዶውስ ፕሮግራም ሊኑክስ ላይ በሚያስኬደው፣ የሞከሩ አሉ፣ እኔ ግን የድርጅት ሒሳብ በእሱ አላስይዝም። ኤክሴል ከሆነ ሊብረኦፊስ ይከፍተዋል፣ ማክሮ የበዛበት ካልሆነ። ኤስፒኤስኤስ ለመመረቂያ ጽሑፍ የምትጠቀሙ ተማሪዎች ፒኤስፒፒ የሚባለውን ነጻ ምትኩን እዩት። አውቶካድ የለም። ለእነዚህ ዊንዶውሱን አትንኩት። ፍላሹ ለዚህ ነው የሚመቸው፤ ሁለቱንም ያኖራል።

ጥያቄ (ጡረታ የወጡ መምህር)፦ አንተ ልጅ፣ አማርኛ እጽፍበታለሁ ወይስ የፈረንጅ ብቻ ነው?

ይጽፉበታል ጋሼ። እንዲያውም የግዕዝ ፊደል በ1999 እ.ኤ.አ. ዩኒኮድ ውስጥ ስለገባ ከኢንተርኔት የሚያነቡት አማርኛ ምንም ሳይጭኑ ይታያል። ለመጻፍ አይባስ የሚባለው የፊደል መቀየሪያ ውስጥ ገብቶ አማርኛ በሴራ አጻጻፍ የሚለውን መምረጥ ነው። በላቲኑ ፊደል ድምፁን ሲነኩ ግዕዙ ይወጣል። ጣትዎ የለመደው ከዚያ ብዙም አይርቅም። ኪማን የሚባለው መጻፊያም ለሊኑክስ አለ። ፊደሉ ቆንጆ እንዲሆን አቢሲኒካ የሚባለውን ፎንት ይጫኑ፣ ለዓይን ይመቻል።

ችግር ያለው የድሮ ጽሑፍዎ ላይ ነው። በፓወር ግዕዝ ወይም በቪዥዋል ግዕዝ የድሮ ፎንት የተጻፈ ሰነድ ሲከፍቱ የላቲን ፊደል ፍርስራሽ ያያሉ። ሰነዱ አልተበላሸም። እነዚያ ፎንቶች የላቲኑን ቦታ ወስደው ግዕዝ ስለሚስሉ ነው። ያንኑ ፎንት ፋይል ሊኑክሱ ላይ ቢጭኑት ይታያል። ሀያ ዓመት የጻፉት ማስታወሻ ካለዎት ግን ወደ ዩኒኮድ ያስቀይሩት። ያንን ፎንት የሚያውቅ ሰው እየቀነሰ ነው።

(መምህሩ "አንተስ ታውቃለህ?" አሉኝ። ሰኞ ፋይሎቻቸውን ይዘው ይመጣሉ።)

ጥያቄ፦ ሊኑክሱን ተጠቅሜ ወደ ዊንዶውስ ስመለስ ሰዓቱ ሦስት ሰዓት ወደ ኋላ ቀረ። ባትሪው ሞቶ ነው?

ባትሪው ደህና ነው። ሊኑክስ የማዘርቦርዱ ሰዓት ላይ የግሪንዊች ሰዓት ይጽፋል። ዊንዶውስ ደግሞ እዚያ ያገኘውን የአገሩ ሰዓት ነው ብሎ ያምናል። እኛ ከግሪንዊች 3 ሰዓት እንቀድማለን፣ ስለዚህ 3 ሰዓት ይጎድላል። በዚያ ላይ የእኛ አቆጣጠር 6 ሰዓት ሲጨመርበት ጉድ ነው፤ አንድ ደንበኛዬ ፈተና አመለጠኝ ብሎ ሮጦ ነበር። ፐርሲስተንስ ወይም ሙሉ ጭነት ካለህ ሊኑክሱን የአገሩን ሰዓት እንዲጽፍ ማዘዝ ይቻላል፣ አንድ መስመር ትዕዛዝ ናት። ላይቭ ብቻ ከሆነ ዊንዶውስ ላይ ሰዓት አመሳስል የሚለውን ንካ፣ ያልቃል።

ጥያቄ (ፎቶ ኮፒ ቤት የምትሠራ)፦ የሰው ፍላሽ ስሰካ ፎልደሩ ሁሉ ሾርትከት ይሆንብኛል። ሊኑክስ ይጠቅመኛል?

በጣም። ያ ቫይረስ ለዊንዶውስ ነው የተጻፈው። እውነተኛውን ፎልደር ይደብቅና በስሙ ሾርትከት ያስቀምጣል። ሊኑክስ ሾርትከቱን አይሠራውም፣ የዊንዶውስን መደበቂያም አያከብርም። የተደበቀው ፎልደር ፊት ለፊት ተቀምጦ ታገኚዋለሽ። ገልብጪና አትሚ። ፎቶ ኮፒ ቤት አንድ ሊኑክስ ያለው ኮምፒውተር ቢኖር የሰው ልጅ ግማሽ ጭቅጭቅ ይቀንሳል። ፕሪንተርሽ ኤችፒ ከሆነ ብዙውን ጊዜ ወዲያው ይገባል። ሌላ ከሆነ መጀመሪያ በላይቭ ሞክሪው፣ ሳትጭኚ።

ጥያቄ፦ ፍላሽ ቶሎ አይሞትም?

ይሞታል። የፍላሽ ህዋሶች የተወሰነ ጊዜ ብቻ ነው የሚጻፍባቸው። ሙሉ ሥርዓት ደግሞ ቀኑን ሙሉ ይጽፋል፤ ሎግ፣ የብሮውዘር ካሽ፣ የፋይል ሰዓት። እኔ ጋ በአንድ ዓመት የሞተ አለ፣ ሦስት ዓመት የቆየም አለ። የብሮውዘሩን ካሽ ራም ላይ ማድረግ፣ ፋይል በተነበበ ቁጥር ሰዓት እንዳይጽፍ መዝጋት ዕድሜውን ያረዝመዋል።

በየቀኑ የምትሠሩበት ከሆነ ግን ፍላሽ አትግዙ። ያገለገለ ትንሽ ኤስኤስዲ፣ 120 ጊጋ ይሁን፣ ከዩኤስቢ 3 ቤት ጋር ግዙ። ከእጅ አይበልጥም፣ ፍጥነቱ ግን የሰማይና የምድር ነው።

ጥያቄ (ከጥቁር ውሃ የመጣ)፦ 2 ጊጋ ራም ያለው አሮጌ ላፕቶፕ አለኝ። ዊንዶውስ 10 እንኳን ይንፏቀቃል።

ዊንዶውስ 10 ራሱ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. ነጻ ድጋፉ አብቅቷል። 11 ደግሞ ቢያንስ 4 ጊጋ ራምና ቲፒኤም 2 የሚባል የደኅንነት ቺፕ ይፈልጋል፣ አይቀበልህም። ለአንተ የሚሆኑት ቀለል ያሉት ሊኑክሶች፣ ፓፒ ወይም አንቲኤክስ ናቸው። ፓፒ በጥቂት መቶ ሜጋ የሚወርድ ነው፣ ሲነሳ ሙሉ በሙሉ ራም ላይ ይወጣል። ከተነሳ በኋላ ዘገምተኛ ፍላሽ ቢሆንም አይሰማህም። ፕሮሰሰሩ ባለ 32 ቢት ከሆነ ኡቡንቱን አታውርድ፣ አይነሳም። ሁለቱ ግን ለ32 ቢት የሚሆን እትም አላቸው። ተአምር አትጠብቅ። ፌስቡክና ቪዲዮ በ2 ጊጋ ያው ይከብዳሉ።

ጥያቄ፦ ዋይፋዩን አያየውም።

አሮጌ ኤችፒና ዴል ላይ ብሮድኮም ካርድ ሲሆን ይሄ ይመጣል። ድራይቨሩን ለማውረድ ኢንተርኔት ይፈልጋል፣ ኢንተርኔት ለማግኘት ድራይቨሩን ይፈልጋል። መውጫው ስልክህ ነው። በዩኤስቢ ገመድ ሰካውና ዩኤስቢ ቴዘሪንግ (የስልኩን ኢንተርኔት ለኮምፒውተሩ ማካፈያ) ክፈት። ሊኑክስ ወዲያው ያየዋል። ከዚያ ድራይቨር ማናጀር ውስጥ ግባ።

ጥያቄ፦ ፍላሼን ወደ ድሮው ልመልሰው ብል 32 ጊጋው ጠፍቶ ጥቂት ሜጋ ብቻ ያሳየኛል። ተበላሸ?

አልተበላሸም። የተከፋፈለበት መንገድ ነው ዊንዶውስን የሚያደናግረው። ሩፈስን ክፈት፣ አይኤስኦ ከመምረጥ ይልቅ ኖን ቡተብል የሚለውን ምረጥ፣ ጀምር በለው። ይመለሳል። ዊንዶውስ መሀል ላይ "ፎርማት ላድርገው?" ብሎ ሲጠይቅህ የትኛውን ዲስክ እንደሆነ ሳታይ እሺ አትበል።

ጥያቄ (አንዲት ወጣት)፦ ቢሰረቅብኝስ? ባጃጅ ውስጥ ቢወድቅብኝ?

ፐርሲስተንስ ከሆነ ያገኘው ሰው ሰክቶ ሁሉንም ያነባል። ፓስወርድ የለውም ማለት ይቻላል። ሙሉ ጭነት ስታደርጊ ጫኙ ዲስኩን ላመስጥር ወይ ብሎ ይጠይቃል፤ እሺ በይው። ትንሽ ይዘገያል፣ ይገባዋል። ፓስወርዱን ከረሳሽው ግን እኔም ልረዳሽ አልችልም፣ ማንም አይችልም። ቅጂ ደግሞ ሌላ ቦታ ይኑርሽ።

ጥያቄ፦ ማክቡክ ላይስ?

ኢንቴል ከሆነ ኦፕሽን ቁልፍን ይዘህ አብራው። ከ2020 እ.ኤ.አ. ወዲህ የመጡት ኤም1 እና ከዚያ በኋላ ያሉት ላይ ይሄ ዘዴ አይሠራም።

የመጨረሻ ጥያቄ (ወንበር ሲታጠፍ የመጣ ልጅ)፦ ሊኑክሱ እየሠራ ሳለ ፍላሹን መንቀል ይቻላል?

አይቻልም። ፓፒ ራም ላይ ከወጣ ይቻላል፣ ሌሎቹ ግን የሚያነቡትን ስትነጥቃቸው ይሞታሉ። ፐርሲስተንስ ከሆነ ያልተጻፈው ነገር አብሮ ይሄዳል፣ ክፍሉም ሊበላሽ ይችላል። መጀመሪያ አጥፋ። ፍላሹ መብራት ካለው ብልጭ ብልጭ ማለቷ እስኪቆም ጠብቅ። ከዚያ ንቀል።

ይሄን ሁሉ ከነገርኩት በኋላ እጁን አየሁ። ፍላሽ ይዟል። "ከየት ነቀልከው?" አልኩት። ከእኔው ላፕቶፕ ነበር።